ያልጮኸ ጌጥ

እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ ዩቢኤስ የተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ለሚገናኙ ሠራተኞቹ ከ40 ገጽ በላይ የሆነ የአለባበስ መመሪያ አዘጋጀ። መመሪያው ከቀሚስ ርዝመት እስከ ሽቶ፣ ከጫማ እስከ ፀጉር አቆራረጥ ሁሉን ይነካ ነበር፤ የውስጥ ልብስ እንኳ ከሸሚዝ ሥር እንዳይለይ የቆዳ ቀለም ይሁን ይል ነበር። የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ ባንኩም ብዙ ሳይቆይ እንደሚያሳጥረው አስታወቀ። ጥያቄው ግን እንዳለ ቀረ። «የቆዳ ቀለም» የማን ቆዳ ቀለም ነው? «በሚገባ የተያዘ ፀጉር» ሲባልስ የማን ፀጉር ታስቦ ነው? ከጄኔቫ አጠገብ ባለችው ላንሲ፣ በፖን-ሩዥ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ወዳሉት ቢሮዎች የምትገባ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ይህን ጥያቄ በየማለዳው ከመስታወት ፊት ቆማ ትመልሰዋለች። የፀጉር ካውያውን ካነሳች መልሱን ሰጥታለች።

ያ መልስ ስሕተት ነው እላለሁ፤ ስሕተቱም ቅንጦትን ራሱን ካለመረዳት የመጣ ነው። በጄኔቫና በዙሪክ የሚከበረው የረጋ፣ የጠራ፣ ራሱን የማያስተዋውቅ የፀጉር አያያዝ መሠረቱ የፀጉሩ ቀጥ ማለት አይደለም። መሠረቱ ጤና፣ ሥርዓትና ልክን ማወቅ ነው። ሦስቱንም ያገራችን የፀጉር ሙያ አሳምሮ ያውቃቸዋል።

ጄኔቫ ጌጥን መደበቅ የተማረችው በሕግ ነው። የሃይማኖት ተሐድሶ መሪው ዣን ካልቪን እ.ኤ.አ. በ1541 ወደ ከተማዋ ከተመለሰ በኋላ በሰፈነው ጥብቅ ሥርዓት ጌጣጌጥ ማድረግ ተገደበ። ገበያው የጠበበባቸው ወርቅ አንጥረኞች እጃቸውን ወደ ሰዓት መለሱ፤ ሰዓት ለሥራ የሚጠቅም ዕቃ ነውና አላስነቀፈም። እ.ኤ.አ. በ1601 የከተማዋ ሰዓት ሠሪዎች ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ዙሪክም ከዝዊንግሊ ተሐድሶ በኋላ ልብስንና ጌጥን የሚቆጣጠሩ የራሷ ደንቦች ነበሯት። ከዚህ ታሪክ የቀረው ልማድ ዛሬም ይታያል፦ የጥሩ ሰዓት ፊት ጭምት ነው፤ የወራት ድካም ያለው ከፊቱ ጀርባ ነው። ዋጋው ለሚያውቅ ይታወቃል፣ ለማያውቅ አይጮኽም። ፀጉር በዚህ ሚዛን ሲመዘን የሚጠየቀው ምን ያህል ጊዜና ምን ያህል የሠለጠነ እጅ እንደገባበት ነው።

ታዲያ ቀጥታነት ከየት ገባ? ከብርሃን ይመስለኛል። እያንዳንዷ የፀጉር ዘለላ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተነባበሩ ስስ ሽፋኖች ተሸፍናለች። ሽፋኖቹ ጋደም ሲሉ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፣ ሲነሡ ይበተናል። በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ያለ ችግር እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ በየመታጠፊያው ይቀራል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ፀጉር በትንሽ ማበጠር ያብረቀርቃል፣ የዚህ መልክ አርአያ ተብለው የሚጠቀሱትም እንደ ፊልም ተዋናይቷ ግሬስ ኬሊ ያሉ ፀጉራቸው ለስላሳ የሆነ ሴቶች ናቸው። «በሚገባ የተያዘ ፀጉር» የሚለው ምክር የተጻፈው ለእነርሱ ፀጉር ነው። ለሌላው ፀጉር ቃል በቃል ሲወሰድ የሚፈልገውን ነገር ራሱን ያጠፋል፦ የካውያ ግለት ደጋግሞ ሲያርፍ እነዚያኑ ሽፋኖች ይሰነጣጥቃል፣ ማለስለሻ ኬሚካልም የዘለላዋን ጥንካሬ የያዙትን የሰልፈር ማሰሪያዎች ይበጥሳል። ለጊዜው ያበራል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ጫፉም ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ ከ33 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር አሳይቷል። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ማለስለሻ በተጠቀሙት ዘንድ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድል 4.05 በመቶ ሆኖ ተገምቷል፤ ባልተጠቀሙት 1.64 በመቶ ነበር። ጥናቱ ተያያዥነትን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፣ አደጋውም በጥቅሉ ሲታይ ዝቅተኛ ነው። ሆኖም ለመልክ ብሎ እንዲህ ያለ ጥያቄ መሸከም ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ሹሩባን እንመልከት። ቀጭን ሹሩባ የምትሠራ እጅ መጀመሪያ መስመር ታወጣለች፤ መስመሩ ከተጣመመ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ከዚያ ዘለላውን በእኩል መጠን እየወሰደች ለሰዓታት ትጎነጉናለች። ሲያልቅ የሚታየው ሥርዓት ብቻ ነው፤ ድካሙ በውስጡ ገብቶ ጠፍቷል። ለጋ ቅቤውም ቢሆን ከልማድ ያለፈ ሥራ አለው። ስቡ ዘለላዋን ሸፍኖ እርጥበት እንዳይተን ያግዛል፣ መፋተግንም ይቀንሳል፤ የራስ ቆዳ ወዝ በጥቅልሉ ላይ ሊደርስበት ያልቻለው ቦታም ይደርሳል። ከቅቤው ጋር የሚገባው አደስም መዓዛው ጭምት ነው። ይህ ሙያ የሴቶች ብቻም አልነበረም። የአፄ ቴዎድሮስና የአፄ ዮሐንስ ምስሎች የተጎነጎነ ፀጉር ያሳያሉ። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲያልፉ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የፀጉራቸው ዘለላ በለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተይዞ ቆይቶ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። አንድ አገር ለዘለላ ፀጉር ይህን ያህል ሲደክም፣ ፀጉር በባህሉ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፦ ለስላሳ ፀጉርን ያስመኘን ፈረንጅ ነው እንዴ? የራሳችን ቋንቋ «ዞማ» እያለ ሲያወድስ፣ «ከርዳዳ» የሚለውን ደግሞ ለስድብ ሲጠቀምበት ኖሯል። እውነት ነው፣ ይህን በአውሮፓ ላይ መለጠፍ ራስን ማታለል ነው። ነገር ግን ልዩነቱን እንይ። ዞማ የሚወደሰው እንደ ቁመና፣ እንደ ዓይን፣ በተፈጥሮ እንደተገኘ መልክ ነው። ሹሩባ ግን ለዞማውም ለከርዳዳውም እኩል ይሠራል፤ እንዲያውም ጥቅልሉ ጉንጉኑን አጥብቆ ስለሚይዝ በከርዳዳው ላይ ይበልጥ ይሰነብታል። ባህላችን አንደኛውን ፀጉር አብልጦ ቢያወድስም፣ ሙያው ማንንም ፀጉርሽን ለውጪ አላለም።

ሌላው ተቃውሞ ከቢሮው በኩል ነው፦ ሹሩባ ለባንክ ጠረጴዛ አይሆንም፣ ዓይን ይስባል። ይህ ግምት መሸርሸሩ አልቀረም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 በፀጉር ምክንያት ማግለልን በሕግ ከልክላለች፤ የጄኔቫ ጎረቤት ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ተመሳሳይ ረቂቅ በብሔራዊ ምክር ቤቷ አሳልፋለች። ግን ሕግ ሳይጠብቁም መልስ አለ። ዓይን የሚስበው ልኩን ያለፈ ነገር ነው፦ ወገብ የሚደርስ ተቀጥላ፣ ዶቃ፣ ደማቅ ቀለም። እነዚህ በሰርግና በዓውደ ዓመት ቦታቸው ነው። ከፊት ወደ ኋላ በቀጭኑ ተሠርቶ ማጅራት ላይ በዝቅታ የተጠቀለለ ሹሩባ ግን ከማንኛውም የዙሪክ ቢሮ ጋር ይስማማል።

የግል ምርጫ ነው ለሚሉም ክርክር የለኝም፤ ካውያ የምትወድ ትጠቀም። የምቃወመው ካውያው ብቸኛ የክብር መንገድ ተደርጎ ሲቆጠር ነው። ለእኛም ሙያ ቢሆን ጭፍን ጥብቅና አልቆምም። ከልክ በላይ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ከሥሩ እየነቀለ፣ ሲደጋገም በማይመለስ ሁኔታ ሊያጠፋው ይችላል። ራስ የሚያሳምም ሹሩባ በደንብ የተሠራ ሹሩባ አይደለም። ቅቤም ቢሆን በተዘጋ፣ በሚሞቅ ቢሮ ውስጥ ሽታው ይከብዳል፤ ቅዳሜ ማታ ተቀብቶ እሑድ መታጠብ ይቻላል፣ ለሥራ ቀናት ቀለል ያለ ዘይት ይበቃል።

የስዊዘርላንድ ክረምት የራሱ ፈተና አለው። ውጪው ቀዝቃዛ፣ ቤቱ በማሞቂያ የደረቀ ነው፤ የሱፍ ኮፍያና ስካርፍ ደግሞ ፀጉሩን ይፍቃሉ። ስለዚህ ከኮፍያው ሥር የሐር ወይም የሳቲን ሻሽ ማድረግ፣ ማታም እንዲሁ አስሮ መተኛት ከውድ ቅባት ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። ጫፍን በየጊዜው ማስከርከም ቁመት የሚቀንስ ይመስላል፣ ግን የተሰነጠቀው ወደ ላይ እንዳይወጣ ያቆመዋል። ሽበትን በተመለከተ፣ ፊት ከሚያሳየው ዕድሜ ጋር የሚጣላ ድፍን ጥቁር ቀለም ከሽበቱ ይልቅ ዕድሜን ያጋልጣል።

በስዊዘርላንድ የፀጉር ሥራ የ3 ዓመት የሙያ ሥልጠና ያለው፣ ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሙያ ነው። የእኛ ሹሩባ ደግሞ በየሳሎኑ ወለል ላይ፣ ከሴት ወደ ሴት፣ ያለ ምስክር ወረቀት እየተላለፈ ነው። በላንሲም በዙሪክም እጃቸው የሠለጠነ ልጃገረዶች ያሏችሁ እናቶች፣ ልጆቻችሁን ወደዚያ ሥልጠና ላኩ፤ መስመር አወጣጡንና አጎናጎኑን ይዘው ይግቡ። ፀጉር ቤቶችም ለዚህ እጅ ሙሉ ዋጋ ይክፈሉ።