የኢፍጣራችን ጭስ



ረመዷን ሲቃረብ ስለ ሾርባውና ስለ ሳምቡሳው ማውራት እንጀምራለን። ስለሚያበስሉት ሰዎች ሳንባ ግን አውርተን አናውቅም። ባለፈው ረመዷን የጀመዓችን ኢፍጣር የተዘጋጀው መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ በእንጨትና በከሰል ነበር። እህቶቻችን ከዐስር በኋላ ገብተው እስከ መግሪብ ዓይናቸው እየተቃጠለ፣ እያሳሉ ያበስሉ ነበር። እኛ ወንዶቹ ደግሞ ውጭ ንጹሕ አየር ላይ ተቀምጠን አዛን እንጠብቃለን።

ለእህቶቻችን ይህ የአንድ ወር ጉዳይ ነው፤ ለእናቶቻችን ግን የዕድሜ ልክ። አብዛኞቻችን ያደግነው እንጀራ በሦስት ጉልቻ ከሚጋገርበት ቤት ነው። በአገራችን ከ10 ቤተሰቦች 9ኙ ያህል የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ማገዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

በጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከፀጉር ዘለላ 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል። ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ አዋቂዎችን ለሥር ሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። ከሰል ሲግም ጭሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስለናል። ነገር ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ከግቢ ውጭ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች በብርድ ጊዜ ከሰል አስገብተን በር ዘግተን ብንተኛ ላንነቃ እንችላለን።

ጭሱ ቤት ውስጥም አይቀርም። ከየወጥ ቤቱ ወጥቶ ከአሮጌ መኪኖች ጭስና ሜዳ ላይ ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ከኢፍጣር በኋላ የተረፈውን ፌስታልና ፕላስቲክ ሰብስቦ ማቃጠል ጽዳት አይደለም።

እናቶቻችን “ለምደነዋል” ይሉናል። ሳንባ ግን ጭስ አይለምድም። ራስንም ሆነ ሌላውን አለመጉዳት በዲናችን የታወቀ ደንብ ነው። ሲጋራ የሚያጨስን ወንድም ስንመክር የምናነሳው ይህንኑ ደንብ ነው። የእናታችንን ጭስ ሲሆን ግን “ቀደር ነው” ብለን እናልፋለን። ይህ ልክ አይመስለንም።

“መብራት በሌለበት፣ ቢኖርም በሚጠፋበት አገር ምን እናድርግ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት ነው። ሆኖም መብራት እስኪመጣ የምናደርገው አናጣም። ለመጪው ረመዷን ጀመዓችን ማብሰያውን ከጠባቧ ክፍል አውጥቶ አየር ወደሚገባበት ዳስ ያዛውር። ወንዶችም በተራ ምድጃው ሥር እንቀመጥ፤ ያን ጊዜ ችግሩ ቶሎ ይገባናል። ለኢፍጣር ከምናዋጣው ገንዘብ የተወሰነው ለተሻለ ምድጃ ይዋል።

ለእረፍት ቤት ስንገባም ሥራ አለን። እንጀራ የሚጋገርበት ምርጥ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ያሳንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገን የጭስ መውጫ እንክፈት። እንጨቱን ፈልጠን በደንብ እናድርቅ። እሳት በፌስታል መለኮስ ይቅር። እናት ስትጋግር ሕፃኑን ከጀርባዋ ተቀብለን ውጭ እንያዘው። ይህ ሁሉ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ለእናት የሚደረግ ኺድማ ነው።

አላህ ረመዷንን በጤና ያድርሰን፤ ለእናቶቻችንም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።