አዲስ የዓሣ ቤት እንደ አዲስ ምጣድ ይሟሻል

በናይሮቢ ከተማ በኢስትሊ ሠፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነዚሁ ወገኖቻችን በአንደኛው ቤት በእንግድነት በተገኘንበት ቀን፥ በሳሎኑ ውስጥ ዓሣ የሌለበት የመስታወት ገንዳ አየን። አሸዋውና የውሃው ተክል በቦታቸው ነበሩ። ምክንያቱን ብንጠይቅ፥ የቤቱ ጌታ ለልጃቸው በገቡት ቃል መሠረት ገንዳውን፥ ተክሉንና ስድስት ዓሦችን በአንድ ቅዳሜ ገዝተው ማምጣታቸውን፥ በዐሥረኛው ቀን ግን ከዓሦቹ አንዱም በሕይወት አለመገኘቱን ነገሩን። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ምግብም አልጎደለባቸውም። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናቸው፥ የስምንት ዓመት ልጃቸው «አባባ፥ ምን በድለናቸው ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ማጣታቸው ነበር።

ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመልሰው አስበናል።

ዓሣ ሲተነፍስ አሞኒያ የሚባል ነገር ወደ ውሃው ያወጣል። ኩሱ፥ የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም ይህንኑ ይጨምራሉ። አሞኒያ በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ጥቂቱ እንኳ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል። በወንዝና በሐይቅ ውስጥ በድንጋይና በአሸዋ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ ይለውጡታል። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም የሚከለክል መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህም ጉዳቱ እጅግ ያነሰ፥ ለተክልም ምግብ የሚሆን ነው። እነዚህን ባክቴሪያዎች በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ለይቶ ያወጣቸው ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ለብቻው የሚፈጽም ባክቴሪያ መኖሩ ተገለጸ።

በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚህ ሠራተኞች ገና አልበዙም። የአገራችን እመቤት አዲስ ምጣድ በገዛችበት ቀን እንጀራ አትጋግርበትም፤ አስቀድማ በእሳት ታሞቀዋለች፥ በተፈጨ ጎመን ዘርም ታሸዋለች። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛልና። አዲሱም የዓሣ ቤት እንዲሁ መሟሸት ያስፈልገዋል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፥ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበትና ክሎሪን ባክቴሪያን ስለሚገድል፥ በዓሣ መሸጫ የሚገኘውን የክሎሪን ማርከሻ ጠብታ መጨመር ይገባል። ከዚያም አሸዋውና ተክሉ ከተደላደሉ በኋላ፥ ማጣሪያው ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይሥራ፤ ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚሰፍሩት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው፥ ኦክሲጅንም ይፈልጋሉ። በየቀኑ የዓሣ ምግብ በቁንጥር ይጨመር፤ እርሱ ሲበሰብስ ለባክቴሪያዎቹ አሞኒያ ይሰጣል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃውን ቀለሙን በሚለውጠው የመመርመሪያ ጠብታ መፈተን ያስፈልጋል። አስቀድሞ አሞኒያ ከፍ ይላል፤ ቀጥሎ ናይትራይት ይታያል፤ በመጨረሻም ናይትሬት ይመጣል። ምግቡ እየተጨመረ እንኳ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሆነው ከቆዩ ገንዳው ተሟሽቷል። ይህም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በሰኔና በሐምሌ ብርድ ባክቴሪያዎቹ ቀስ ብለው ይራባሉ። ውሃውን በማሞቂያ 25 ዲግሪ ያህል ማድረግ ይረዳል።

ጊዜውን ለማሳጠር የሚሻ ሰው፥ ጎረቤት ከጎረቤት እርሾ እንደሚዋስ፥ ዓሦቹ ጤናሞች ከሆኑበት ከቆየ ገንዳ ያገለገለ ስፖንጅ ቁራጭ ይለምን። ተክሉም አሞኒያን ስለሚመገብ በብዛት መትከል ይጠቅማል። በ1850 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ዓሣን፥ ቀንድ አውጣንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውሃ ተክል በአንድ ዕቃ አብሮ ማኖር እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ሆኖም አዲስ የተተከለ ተክል አሮጌ ቅጠሉ ሊበሰብስ ስለሚችል፥ የሞተው ቅጠል ወዲያው ይለቀም።

ገንዳው ከተሟሸ በኋላ የውሃው ግማሽ ይለወጥ፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓሦች ብቻ ይግቡ፤ ሌሎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከተሉ። ስፖንጁም ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይጠብ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፤ የለፋንበት ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋልና።

ለኢስትሊው ወዳጃችን ይህንኑ ነገርናቸው። ለልጃቸውም እውነቱን እንዲነግሩት መከርናቸው፤ ዓሦቹን የበደልናቸው ጠልተን ሳይሆን ቸኩለን ነው፥ ብለው። አሁን ልጁ ዓሣ የሌለበትን ገንዳ እየጠበቀ፥ የጠብታውን ቀለም በደብተሩ ይመዘግባል። በላከልን ወሬ መሠረት በሦስተኛው ሳምንት ናይትራይቱ ገና አልወረደም፤ እርሱም ዓሣ እንዲገዛለት አልጠየቀም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት አባቱ እንዳስተማሩት ይገመታል።