ስልኩን ሸጠው ቁልፉን የሚያስቀሩት

ስክሪኑ አልተሰነጠቀም። ባትሪው ቀኑን ያውላል። ካሜራውም ጥርት አድርጎ ያነሳል። ስልኩ ግን አፕዴት ካገኘ ዓመታት አልፈዋል። እርጅና አልጣለውም። የጣለው ቺፑን የሠራው ኩባንያ "ድጋፍ አቁሜያለሁ" ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው፤ የከርነሉም ኮድ ለማንም ክፍት ነው። ግራፊክሱን፣ ካሜራውንና ሞደሙን የሚያንቀሳቅሱት ድራይቨሮችና ፈርምዌሮች ግን በአብዛኛው የሚመጡት ኮዳቸው በከፊል ወይም በሙሉ ተዘግቶ ነው። አዲስ አንድሮይድ ሲወጣ እነዚህም አብረው መስተካከል አለባቸው። ኮዱ በእጁ ያለው ኩባንያ "በቃኝ" ካለ የስልኩ አምራች እጁ ይታሰራል፤ የገዢውማ አይነሳ። "አንድሮይድ ክፍት ነው" የሚለው ወሬ ለገዢው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቱንም አላይ ነው።

ማስረጃ ከተፈለገ ከራሱ ከጉግል ቤት ይጀመር። ጋላክሲ ኔክሰስ እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያ ላይ ዋለ። በ2013 አንድሮይድ 4.4 ሲወጣ ግን ይህ ስልክ ተዘለለ። ጉግል የሰጠው ምክንያት የ18 ወር የአፕዴት ጊዜው አልፏል የሚል ነበር። ቺፑን የሠራው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ደግሞ ከዓመት በፊት ከስልክ ቺፕ ገበያ እንደሚወጣ አሳውቆ ነበር።

የሆላንዱ ፌርፎን ሌላ ታሪክ አለው። በ2015 መጨረሻ ላይ ያወጣው ፌርፎን 2 ቺፑ የኳልኮም ነበር። ኳልኮም ለዚያ ቺፕ የሚሰጠውን ድጋፍ አንድሮይድ 6 ላይ አቆመ። ትንሹ ፌርፎን ግን ከበጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ሥራ ጋር ተጋግዞ ስልኩን እስከ አንድሮይድ 10 አደረሰው፤ ድጋፉ ያበቃው በ2023 ነው። ግዙፉ ኩባንያ የተወውን ትንሹ ከቻለው፣ "አይቻልም" የሚለው ቃል የት ላይ ይቆማል?

ዛሬማ ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። መልካም ነው። ነገር ግን እነዚህ ውድ ስልኮች ናቸው። ዓመቱም የሚቆጠረው ስልኩ ለገበያ ከቀረበበት ቀን እንጂ ገዢው ከገዛበት ቀን አይደለም። ዱባይ ወይም አሜሪካ ሦስት አራት ዓመት አገልግሎ አዲስ አበባ የሚደርስ ስልክ ዕድሜውን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚገባው። በዚያ ስልክ ላይ ደግሞ ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ፣ የቤተሰብ ፎቶ አለ። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው ግን የለም።

የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ የአንድ ሞዴል ሽያጭ ካበቃ በኋላ አፕዴቱ ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲዘልቅ ይጠይቃል። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ጊዜውን አራዘመ እንጂ የድራይቨሩን ኮድ አላስከፈተም። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ቁልፉ ያው እዚያው ነው።

ኩባንያዎቹ "የንግድ ምስጢር ነው" ይላሉ። የኢንቴልና የኤኤምዲ የግራፊክስ ድራይቨሮች በሊኑክስ ላይ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ሁለቱም በዚህ አልከሰሩም። አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ዛሬ አዲስ ሊኑክስ ተጭኖለት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ብቻ ሌላ ሕግ ሊኖረው አይገባም። ደግሞስ ኩባንያው ራሱ ለጣለው ቺፕ የሚጠብቀው የምን ምስጢር ነው? የሌላ ኩባንያ ኮድ ተቀላቅሎበት ከሆነም ከመጀመሪያው ለይቶ መሥራት ይቻላል።

የሚጠየቀው ድጋፍ ለዘላለም ይቀጥል የሚል አይደለም። ድጋፍ በሚቆምበት ቀን ኮዱ ይለቀቅ፣ ይህም በሕግ ይደንገግ ነው። ቤት ሸጦ ቁልፉን ይዞ የሚሄድ ሰው በየትኛውም አገር ይከሰሳል። ቺፕ አምራቹም ወይ ይደግፍ፣ ወይ ቁልፉን ያስረክብ።