ሲኽ ማለት ተማሪ ማለት ነው

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከሕንድ የመጡ መምህራን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል። ከእነርሱ መካከል የነበሩትን ሲኾች በጥምጣማቸው እንጂ በሃይማኖታቸው አላወቅናቸውም።

«ሲኽ» በፑንጃቢ ቋንቋ ተማሪ፣ ደቀ መዝሙር ማለት ነው። የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ ናናክ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1469 ነው። እ.ኤ.አ. በ1604 በተጠናቀረው ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ የሸማኔው የካቢር፣ የቆዳ ሠራተኛው የራቪዳስና የሙስሊሙ የሼክ ፋሪድ መዝሙሮች ከጉሩዎቹ መዝሙር ጎን ተጽፈዋል። ጥበብ በዘርና በሙያ አይታጠርም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ምስል በመስተዋት ክር ጥቅል እንደሚተላለፍ ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ ናሪንደር ሲንግ ካፓኒም ሲኽ ነበሩ።

እኛስ? በአዳማ ስለ ብረት በቤተ ሙከራ እየተማርን፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» ብሎ የሚሰድብ አፍ ከመካከላችን አልጠፋም። የእጅን ሥራ የሚንቅ ትምህርት ከወረቀት አያልፍም።

ውድ ጓደኞቻችን፣ የተከበራችሁ መምህራን! ሃይማኖት እንለውጥ አላልንም። ማኅበራችን አንድ ብረት ሠሪና አንድ ቆዳ ሠራተኛ ጋብዞ ከመምህራኖቻችን ጎን በክብር ያስቀምጥልን፤ እኛም ደብተራችንን ይዘን እንጠይቃቸው። ተማሪ የሚለው ስም ያን ጊዜ ይገባናል።