ማኅተም ላይ የማያርፍ ፈረስ

የሎጎ ሥራ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ዲዛይነሩ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ደንበኛው ምን እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ ዕቃው በምን ታሽጎ ገበያ እንደሚወጣ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምልክቱ የት የት እንደሚያርፍ። ጥሊሊ ላይ ቢሮ የከፈተ አንድ የድንች አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ለምሳሌ ይወሰድ። ምልክቱ መጀመሪያ የሚያርፈው ክቡ ማኅተም ላይ ነው፤ ያለ ማኅተም የማኅበር ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ከረጢት ላይ በአንድ ቀለም ይታተማል። ከዚያ ታፔላ ይሆናል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቡሬና በእንጅባራ መካከል ስላለች፣ ታፔላውን ብዙ ሰው የሚያየው ከሚሮጥ መኪና መስኮት ነው። በመጨረሻ የቴሌግራሙ ትንሽ ክብ ፎቶ ይመጣል። የደንበኛው ምርጫ ሳይጠየቅ እነዚህ አራት ቦታዎች ብቻ የምልክቱን ግማሽ ወስነውታል።

ደንበኛው አንድ ሰው ከሆነ ንግግሩ አጭር ነው። ማኅበር ሲሆን ግን ሊቀ መንበሩ ፈረስ፣ ጸሐፊው ቀርከሃ፣ ገንዘብ ያዡ የድንች አበባ ይላሉ፤ አንዱ ደግሞ ማርሽና የስንዴ ዛላ ካልታከለበት ልማት አይመስለውም። ሁሉንም ላስደስት ያለ ዲዛይነር መጨረሻ ላይ የሚያስረክበው የንብረት ቆጠራ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ «ምን ይጨመር?» ብሎ አይጠይቅም። «አንድ ነገር ብቻ ይቅር ቢባል የትኛው ነው?» ይላል፤ ክርክሩንም ለኮሚቴው ትቶ ዝም ይላል።

ጥሊሊ ያለችው አዊ ዞን ውስጥ ነውና ፈረስ መጠየቁ አያስገርምም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 በሚያከብረው በዓልም ዓድዋ የዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው ይታሰባሉ። አዊ ብሎ ፈረስ አለማለት ይከብዳል። ችግሩ ሁሉም ፈረስ ማለቱ ነው። ጎንደር ላይ የፋሲል ግንብ፣ አክሱም ላይ ሐውልቱ፣ ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ የደረሰባቸው ዕጣ ይኸው ነው፤ አገሩን ይናገራሉ፣ የትኛው ሱቅ እንደሆነ ግን አይናገሩም። ምልክት ደግሞ ዋና ሥራው መለየት ነው።

ሌላው ችግር የመጠን ነው። አራት ቀጫጭን እግር፣ ጋማ፣ ልጓም፣ ኮርቻና ግላስ ያለው ፈረስ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ማኅተም መካከል ሲገባ፣ ዙሪያውን ጽሑፉ ከቦት፣ ቀለሙ በወፈረ ቁጥር ወደ ጥቁር ጠብታ ይለወጣል። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠመቀው የጊዮርጊስ ቢራ ምልክት ፈረስም፣ ጦርም፣ ዘንዶም አለው፤ ግን እሱ የጠርሙስ ወረቀት ላይ ሰፊ ቦታና ብዙ ቀለም አግኝቶ ያደገ ነው። የድንች ከረጢት ያንን አይሰጥም። ፈረሱ ይቅር ማለት ግን አይደለም፤ ከፈረሱ አንድ ነገር መምረጥ ይቻላል። እርካብ ቅርጹ ዝግ ነው፣ በወፍራም መስመር ይሳላል፣ ቢያንስም አይጠፋም፤ አዊ ውስጥ ደግሞ እርካብ ያየ ሰው ፈረሱን ራሱ ይጨምርበታል።

ረቂቁ በእርሳስ፣ በወረቀት፣ በጥቁር ብቻ ይሠራል። ቀለም የመጨረሻ ጉዳይ ነው፤ ማኅተምና ፎቶ ኮፒ ቀለም አያውቁም፣ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብቻ የቆመ ምልክት ኮፒ ሲደረግ አመድ ይሆናል። ስንት ረቂቅ ለደንበኛ ይቅረብ የሚለው ግን ባለሙያዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። አሜሪካዊው ፖል ራንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ለስቲቭ ጆብስ ኔክስት ኩባንያ በ100,000 ዶላር ሎጎ ሲሠራ ያቀረበው አንድ ብቻ ነበር፤ አማራጭ ሲጠየቅም አልሰጠም። እዚህ ይህን የሞከረ ቀብዱን መልስ ይባላል። ሦስት ማቅረብ ይበቃል፤ ዐሥር ያየ ኮሚቴ የአንዱን ራስ ከሌላው እግር ጋር ቀጥሉልን ማለቱ አይቀርም።

ፊደሉ ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ ዕድል ይሰጣል። «ጥሊሊ» ሲጻፍ ሁለቱ ሊዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የሁለቱም ቀኝ እግር ታች ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ይህ ድግግሞሽ እንደ እርምጃ ምት ስላለው፣ ጥሩ እጅ ያለው ሰው ምንም ሥዕል ሳይጨምር ምልክቱን ከስሙ ብቻ ያወጣዋል። አዊ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጽሑፉ በአማርኛና በአገውኛ እንዲሆን ሲፈለግ ቋንቋው ራሱ «አውጚ» ተብሎ ይጻፋል፤ የጘ ዘር ፊደላት ግን ለአማርኛ ብቻ ታስበው በተሠሩ የጌጥ ፎንቶች ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እነዚህም አብረው ገብተዋል፤ ዩኒኮድ ለፊደሉ የሰጠው ቁጥር ቢኖርም ቅርጹን ፎንት ሠሪው ካልሣለው ጚ በነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ይወጣል። አንዳንዱ ሳጥኑን ለመሸሽ ጊ ብሎ ያልፈዋል። ይህ ድምፁን መለወጥ ነው፤ ጨዋው መንገድ የጎደለውን ፊደል ከፎንቱ ባሕርይ ጋር አስማምቶ መሣል ነው።

ርክክቡ ላይ ብዙ ጥሩ ሥራ ይበላሻል። ደንበኛው ሎጎውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይቀበላል፤ መተግበሪያው ምስሉን ያሳንሰዋል፤ ታፔላ ሠሪው ሲያጎላው ጠርዙ ይሸራረፋል፤ ከዚያ በእጁ አስተካክሎ ይስለዋል፤ በዓመቱ ማኅበሩ ሦስት ዓይነት እርካብ ይኖረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቢጎላም የማይሸራረፈው የቬክተር ፋይል፣ የጥቁርና ነጩ ቅጂ፣ የቀለሞቹ ቁጥርና ከዚህ በታች አይነስ የሚል መጠን በአንድ ፍላሽ ተደርገው ይሰጣሉ። ቀሪው ክፍያም ያኔ ይከፈላል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕግ ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት 7 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። የዕቃውን ዓይነት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ምልክት ግን ለመመዝገብ ይቸገራል፤ ኢትዮጵያ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ስትጠይቅ የገጠማት ተቃውሞ ከዚሁ የመጣ ነበር። «የጥሊሊ ድንች» ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ቅርጽ ያስፈልገዋል። የባለቤትነቱን ነገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለከተዋል፤ በውል ሌላ ካልተባለ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የአሠሪው ነው። ውሉ ሳይመረጡ የቀሩት ረቂቆች የማን እንደሆኑም ቢጠቅስ ይበጃል፤ ጥሊሊ ላይ ያልተወደደው ንድፍ ዳንግላ ላይ የሌላ ማኅበር ታፔላ ሆኖ ሲገኝ ጠቡ የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።