የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አንድ ጠብታ፣ ሁለት ዓይን

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ላይ ይጠራቀማል። ለምእመኑ ጠበል ነው፤ ለሥነ ምድር ባለሙያው ዓለት አቋርጦ የሰረገ ውሃ። ጠብታው ግን አንድ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በስሙ ስለሚጠራው ንጉሥ፣ ስለ ነአኩቶ ለአብም እንዲሁ ነው። የታሪክ ጸሐፊው በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋኑ ከዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ወደ ይኩኖ አምላክ እንዴት እንደ ዞረ ይመረምራል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግን ነአኩቶ ለአብ አልሞተም፤ ተሰውሯል። የአንዱ ጥያቄ «ምን ሆነ?» ነው፤ የሌላው «ለእኛ ምን ማለት ነው?»። ብዙ ጊዜ የምንጣላው መልሱ ስለተለያየ ሳይሆን ጥያቄው የተለያየ መሆኑን ስለማናስተውል ነው።

«የሰው ሆዱ፣ የወፍ ወንዱ አይታወቅም» ይባላል። በዚህ እትም የተሰባሰቡት ጽሑፎች ሆድን እናውቃለን አይሉም፤ ለማዳመጥ ግን ይሞክራሉ። ከራስ ሐሳብ ለጊዜው ራቅ ማለት እምነትን መካድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ እንደ ማውለቅ ነው፤ ስንወጣ መልሰን እናጠልቀዋለን፤ እግራችን ግን የሌላውን ወለል ቅዝቃዜ ያውቃል።