የኩሬው ባለቤት ማን ነው?

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። መንገዱ የተመቸው የጎንደር ከተማ ወላጅም ልጆቹን ወደ ደምቢያ፣ ወደ ወገራ ወይም ወደ ዳባት፣ ወደ አያቶቻቸው ይልካል። መልካም ልማድ ነው፤ ልጆቹ ወተት ይጠጣሉ፣ ከዘመድም ይተዋወቃሉ። ዳሩ ግን ክረምት ኩሬው ሁሉ እስከ አፉ የሚሞላበት ወቅት ነው። ስለዚህ፣ እናት አንባቢዬ፣ ልጅዎን ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ፦ በሰፈሩ ኩሬ አለ ወይ? የማን ነው? ታጥሯል ወይ?

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ዓመታት በአማራ ክልል የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም የቤተሰብ ኩሬ በዘመቻ ተቆፍሮ ነበር። ውሃው እንዳይሰርግ ፕላስቲክ የተነጠፈባቸውም ብዙ ናቸው። ዓላማው መልካም ነበር፤ የጓሮ አትክልት ያጠጣል፣ ሴቷንም ከወንዝ መንገድ ያሳርፋታል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ውለው አድረው አገልግሎት ሲያቆሙ ጉድጓዱ ቀረ። የማይጠቅም ኩሬን አጥር ማን ይጠግናል? ፕላስቲኩ ደግሞ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ልጅ ቀርቶ ጎልማሳ እንኳ የሚጨብጠው ካላገኘ ተንሸራቶ ይመለሳል። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፤ የእሾህ አጥር ከነበሩ፣ እንዲሁም ከዳር ታስሮ ወደ ውስጥ የሚወርድ ቋጠሮ የበዛበት ገመድ። የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ለጥምቀት በቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላው የፋሲል መዋኛ እንኳ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ ነው።

ባለቤቱ «በይዞታዬ ነው፣ ማን ግባ አለው?» ቢል ብቻውን አያድነውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 የመሬትን የተፈጥሮ መልክ በመለወጥ ሌላውን ሰው ያልተለመደ አደጋ ላይ የጣለ፣ ጉዳቱ ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። እያንዳንዱ ትንሽ ኩሬ በዚህ ሥር ይወድቅ እንደሆነ የሚወስነው ዳኛ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ግን አጥሩ ይቀድማል።

ውሃውን ለመዝናኛ፣ ለዓሣ ወይም ለመስኖ በአፈር ክትር ያቆመ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። የአፈር ክትር ትልቁ ጠላት ውሃው በአናቱ ላይ መፍሰሱ ነው፤ አንዴ ካለፈ አፈሩን እየሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ሊንደው ይችላል። የትርፍ ውሃው መውጫ ከክረምት በፊት ከደለልና ከቁጥቋጦ ይጽዳ። ባሕር ዛፍ በክትር ላይ አይተከልም፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ከግርጌው የሚያዠው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ በየቀኑ ይታይ። ደፍርሶ ከወጣ ግን ክትሩን ከውስጥ እየበላው ነውና ከታች ያሉት ቤተሰቦች ጊዜ ሳይሰጡ ይነሱ።

ለልጆችም ለአያቶችም የሚነገር አንድ ነገር አለ። የሚሰምጥ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው። ዋና የማያውቅ ሰው ተከትሎ አይግባ፤ ሁለት ሬሳ እንዳይሆን። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይወርውርለት፣ ወይም ረጅም እንጨት፣ ካጣም ነጠላውን ይዘርጋለት። ከወጣ በኋላ ውሃ ለማስተፋት ቁልቁል መዘቅዘቅ ጊዜ ማባከን ነው። ካልተነፈሰ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ይሰጠው፣ ደረቱም ይጫን፤ ነፍስ ቢዘራም ያንኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።